ጥግ የያዘው አሸንዳ

ጫኝና አውራጅ ስለሆነ «ትከሻው» ይሉታል። እሱ ግን ከተሸከመው ጆንያ ሁሉ አስበልጦ የሚኮራው በሚስቱ ብስክሌት ነበር። ሚስቱ ከኮረብታው ማዶ ባለ ፋብሪካ ልብስ ትሰፋለች። አውራ ጎዳናው ኮረብታውን በዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል፤ ዋሻው ግን ለብስክሌት ክልክል ነው። የቀረው በጎኑ ሽቅብ የሚወጣው ጠባብ ደረጃ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ትከሻው ብስክሌቱን ተሸክሞ ይወጣል፣ እሷ እያወራች ከኋላ ትከተላለች። አናቱ ላይ ሲደርሱ ላቡን በሻርፗ ጫፍ ትጠርግለታለች። ለዚያች ሻርፕ ሲል ደረጃው ሰማይ ቢደርስም ግድ አልነበረውም።

ከዚያ የሰፈሩ በያጅ መጣ። ጎበዝ ነው፣ አላገባም፣ ሲስቅም ያምርበታል፤ ጥፋቱ ይኸው ነው። ከደረጃው መደገፊያ ብረት ሥር እንደ አሸንዳ የታጠፈ ላሜራ ከታች እስከ ላይ በየደበት። ጎማውን እዚያ ውስጥ አስገብቶ መግፋት ነው፤ ሸክም ቀረ።

«እጁ ይባረክ!» አለች ሚስቱ። አንዴ ብላ ብትተወው ምን ነበረበት? ቁርስ ላይ እጁ፣ ራት ላይ እጁ። የትከሻው አንጀት አረረ። «እኔስ ይህን ሁሉ ዘመን በጆሮዬ ነው የተሸከምኩላት?» ይላል ለብቻው። አንድ ጠዋት ሻርፗን ለብሳ በር ላይ ስትጠብቀው ከአልጋው አልተነሳም።

«አትመጣም?»

«ምን ልሠራ? አሸንዳ አለልሽ።»

ብስክሌቷን ይዛ ሄደች። በማግስቱም ብቻዋን ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችውም።

አሸንዳው ግን ጉድ ነበረበት። ከብረቱ ጋር በጣም ተጠግቶ ስለተበየደ ፔዳል ብረቱን እየመታ የሰዉን ሁሉ ብስክሌት ያስቸግር ጀመር። ትከሻው ይህን ሲሰማ ልቡ ቅቤ ጠጣ። በያጁ ሊያስተካክለው መጣ ሲባል ሥራውን ጥሎ ከነፈ። ከላይ ጀምሮ እየነቀለ ደረጃው ወገብ ላይ ደርሶ አገኘው።

«አንተ የተባረክ እጅ! ብስክሌት ፔዳል እንዳለው አታውቅም?»

በያጁ መነጽሩን አወለቀ። «ጋሼ፣ ጠፍቶኝ አይደለም። ራቅ ላድርገው ብል እምቢ ያሉኝ እትዬ ባለቤትዎ ናቸው። ‹ጥግ አስይዘው፤ ፔዳሉን እንደምንም እችለዋለሁ። ወደ መሃል ካመጣኸው ባሌ በየት በኩል አጠገቤ ይሄዳል? እስካሁን ጀርባውን ነው ሳይ የኖርኩት› አሉኝ።»

ትከሻው ወደ ተነቀለው ላሜራ አመለከተ።

«ታዲያ ምነው አሁን ትነቅለዋለህ?»

«ትናንት መጥተው ‹ወደ መሃል አምጣው፣ ቦታው ለማንም አያስፈልግም› አሉኝ።»

ትከሻው ቁልቁል አየ። የታችኛው ግማሽ ገና አልተነካም፤ በጎኑ አንድ ሰው የሚያስኬድ ቦታ አለ።

«ወንድሜ፣ በናትህ» አለ፣ «ይህን የታችኛውን ለነገ ጠዋት ብቻ ተወው።»