መርፌና የታመመችው ጽጌረዳ

ሰፈሩ በሙሉ «መርፌ» ነው የሚላት። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ አይምሰላችሁ፤ ምላሷም እንደ መርፌ የትም ይገባል። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ሱሪው ሳያጥር በፊት ወገቡ ለምን እንደሰፋ፣ ቀበቶውን ለማን ብሎ እንደሚያጠብቅ ተነግሮት ነው የሚሄደው። ግን ተመልሶ ይመጣል። እሷ የሰፋችው አይተረተርማ!

ይህች ሴት በዚያ ሰሞን እንደ ተጣደ ውሃ ስትንተከተክ ሰነበተች። ነገሩ በረንዳዋ ላይ ያለችው ጽጌረዳ ነበረች። መጀመሪያ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ። ከዚያ የላይኞቹ ጫፋቸው ቡናማ እየሆነ ተጠቀለለ። ሊፈኩ ደርሰው የነበሩ ሦስት እምቡጦች አንገታቸውን ደፍተው እዚያው ደረቁ። መርፌ የሰው ቀሚስ ከስፌት መኪናው ሥር እንዳለ ትታ በየሰዓቱ ትወጣና ወገቧን ይዛ ትቆማለች። ምን አጎደልኩብሽ፣ ምን በደልኩሽ ትላታለች። ጠምቷት ነው ብላ አንድ ኩባያ ውሃ ታፈስላታለች። በማግስቱ ይበልጥ ጠውልጋ ስታገኛት ሁለት ኩባያ። እንዲህ እየተባለ ጠዋትና ከሰዓት ሆነ። ጽጌረዳዋም ውሃ በጠጣች ቁጥር የባሰ ትከሳለች።

ለአንድ አበባ ይህን ያህል መንገብገብ ምንድነው የሚል ካለ፣ ነገሩን ስለማያውቅ ነው። የመርፌ እናት ሲሞቱ ወንድሞቿ የእናታቸውን ቤት ለመሸጥ ተስማሙ። እሷን የጠየቃት የለም፤ ከተስማሙ በኋላ ነገሯት። ቁልፉ ለገዢው የሚሰጥ ዕለት በጠዋት ሄደች። አጥሩ ሥር ከነበረችው የእናቷ ጽጌረዳ አንድ ዘንግ ቆረጠች፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች። ገዢው በሳምንቱ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ አለበሰው። እንግዲህ የዚያች ጽጌረዳ ዘር የቀረው መርፌ በረንዳ ላይ፣ አንዲት የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ብቻ ነው። እሷ ከደረቀች ከእናቷ ቤት የቀረ ነገር የለም፤ ማንኪያ እንኳ አልደረሳትም።

ስለዚህ ጥፋተኛ ያስፈልጋት ነበር። ጥፋተኛም አላጣችም። ከሥሯ ባለው ፎቅ ጡረታ የወጡ መምህር ይኖራሉ። ከእሷ ማሰሮ የሚንጠባጠበው ውሃ የተሰጣ ነጭ ሸሚዛቸው ላይ እያረፈ ቡናማ ነጥብ ይተው ነበር። ሁለት ጊዜ ሸሚዙን ይዘው ወጥተው፣ ተማሪ የሳተውን እንደሚያሳይ ሰው በጣታቸው ነጥቡን እያመለከቱ አሳይተዋታል። እሷም ከበረንዳዬ ሥር ይስጡት ያለዎት ማን ነው ብላቸዋለች። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሰላምታቸው በአገጭ ብቻ ነበር።

በረኪና አፍስሰውባት ነው ብላ ደመደመች። ከታች ወደ ላይ እንዴት አድርገው ቢሏት መልስ አላት፤ መጥረጊያ እንጨት ላይ ጣሳ አስረው። ይህን ሁሉ የነገረችው ለባሏ ነው። ባሏ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ሰላማዊ፣ ዝምተኛ ሰው። አንድ ጠላት ብቻ ነው ያለው፣ ጠብታ። እንግድነት ሄዶ እንኳ የሰው ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ከሰማ ቁጭ ማለት አይሆንለትም፤ ኮቱን አውልቆ ይነሳል። የበረኪናውን ነገር ሲሰማ ምናልባት ፀሐይ በዝቶባት ይሆናል አለና ወደ ምግቡ ተመለሰ።

መርፌ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አልቻለችም። ደረጃውን ወርዳ የመምህሩን በር ደበደበች። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ከፈቱ።

«ጋሼ፣ በረኪናውን ስንቴ ነው ያፈሰሱት?»

የምን በረኪና አሉ። ጣሳውንም፣ መጥረጊያውንም፣ ሦስቱን እምቡጦችም አንድ በአንድ ዘረዘረችላቸው። እሳቸው እስክትጨርስ ሳያቋርጧት ሰሙ። ከዚያ መነጽራቸውን አወረዱና ደህና አድርገው አዩዋት።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ወጥቼ ላመሰግናችሁ እያሰብኩ ነበር። ይኸው ሁለት ወር ሙሉ ሸሚዜ ላይ አንዲት ጠብታ አላረፈችም።»

መርፌ ኩባያዎቹን በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ጠዋት ሁለት ኩባያ፣ ከሰዓት ሁለት ኩባያ እያፈሰሰች አንዲት ጠብታ ካልወረደ፣ ያ ሁሉ ውሃ የት ገባ?

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠች ወጣች። ኮት አልቀመጥ ሲላት ገልብጣ ውስጡን ነው የምታየው፤ ያበላሸው ገበሩ ነው ወይስ ስፌቱ የሚታወቀው ያኔ ነው። ወለሉ ላይ ላስቲክ አነጠፈች፣ ማሰሮውን አጋደመች፣ ግንዱን ይዛ ሳበች። አፈሩ ጭቃ ሆኖ ዝርግፍ አለ፤ የሰነበተ ፍሳሽ ሽታ በረንዳውን ሞላው። ሥሮቹ ጠቁረዋል። አንዱን በሁለት ጣቷ ስትጨብጠው ልጣጩ እንደ ካልሲ ወልቆ እጇ ላይ ቀረ። ያጠወለጋት ጥም አልነበረም፤ ሥሯ ውሃ ውስጥ ታፍኖ በስብሷል። ማሰሮውን ገለበጠችው። ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ በሲሚንቶ ተደፍኗል። ሲሚንቶው ላይ ውሃ የማያሳልፍ የሲሊኮን ማጣበቂያ ተቀብቷል። ሲሊኮኑ ደግሞ በአውራ ጣት ተስተካክሎ ለስልሷል። ያንን አውራ ጣት ታውቀዋለች፤ የማድ ቤቷ ገንዳ ዙሪያውን የተጠገነው በእሱ ነው።

ባሏ አሥር ሰዓት ላይ የመፍቻ ሣጥኑን ይዞ ሲገባ ማሰሮው ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ጠበቀው።

«ይሄ የማን እጅ ነው?» አለችው ቀስ ብላ። ቀስ ማለቷ ነው የሚያስፈራው።

ሰውየው አልካደም። አንቺና መምህሩ በውሃ ከምትጣሉ ውሃው ቢቆም ይሻላል ብዬ ነው፣ ለሰላም ብዬ ነው አለ። እዚህ ላይ ቢያቆም ምናለበት። ጎንበስ ብሎ ሥራውን በጣቱ ዳሰሰና፣ «ግን አየሽ፣ ጥሩ ይዟል» አለ።

ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ እዚህ መጻፍ አይቻልም፤ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሰምቷል። ወንድሞቿም ተነሱ፣ ሲሚንቶ ያለበሰው ገዢም ተነሳ፣ እስከ ሠርጋቸው ዕለት ተኬደ። መምህሩ ሳይቀሩ ታች ሆነው ራዲዮናቸውን ቀነሱ። አንዷ ንግግሯ ግን ባልየውን ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

«የሰው ፍሳሽ ስትከፍት ትውልና ቤትህ ስትገባ የእናቴን ትደፍናለህ?»

ቁጣዋ ሳይበርድ ሥራ ጀመረች። የክር መቁረጫ መቀሷን በአልኮል ጠረገችና የጠቆረውንና የላሸቀውን ሥር አንድ ሳታስቀር ቆረጠች። በመጨረሻ የቀረው ጠንከር ያለ፣ ነጣ ያለ፣ አንድ እፍኝ የማይሞላ ሥር ነው። ይህች ሥር ያንን ሁሉ ቅርንጫፍ ልትመግብ እንደማትችል ለማወቅ አስተማሪ አላስፈለጋትም፤ ጨርቅ ሲያንሳት ቀሚሱን ታሳጥራለች። ቅርንጫፎቹን አሳጠረቻቸው። ባሏ ተክሏን እንዳይነካ ተከለከለ፤ መሰርሰሪያውን አምጥቶ ማሰሮውን እንዲበሳ ግን ተፈቀደለት። ሦስት በስቶ ቀና ሲል «ጨምር» አለችው። ስድስት ሲሆን ማሰሮውን ከእጁ ወሰደች። ማዳበሪያ ላምጣ ወይ ቢላት፣ ሆዱ ለታመመ ሰው ጮማ ታበላለህ ወይ ብላ አባረረችው። አፈሩን ከሻካራ አሸዋ ጋር ቀላቅላ ተከለቻት፣ አንዴ ብቻ አጠጣቻት፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኛት ጥግ አስቀመጠቻት። ከዚያ ወዲያ ጣቷን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገብታ ደረቅ ካላገኘች ኩባያውን አትነካም።

በማግስቱ ወርዳ ለመምህሩ ውሃው እንደገና ሊወርድ ስለሆነ የልብስ ገመዳቸውን ወደ ግራ እንዲያዞሩ ነገረቻቸው። ይቅርታም ነበር፣ ትእዛዝም ነበር። እሳቸው ሁለቱንም ተቀብለው ገመዱን አዞሩ።

ባሏን ግን አላናገረችውም። ምሳ ቀርቧል ለማለት ለስፌት መኪናው ትናገራለች፤ እሱ ሰምቶ ይቀርባል። በረንዳ መውጣት ተከልክሏል። እንዲህ ሆኖ ሦስት ሳምንት አለፈ። ጽጌረዳዋ ሁለት ቅጠል ብቻ ይዛ እንደ ደረቀ እንጨት ቆማለች። መርፌ በየጠዋቱ ዘንጓን በጥፍሯ ትንሽ ፋቅ ታደርጋለች፤ ከልጣጩ ሥር አረንጓዴ ካየች ለዚያ ቀን ትበላለች።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ባልየው ከበረንዳው በር መስታወት ጀርባ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በግድግዳው በኩል... ከታች... ቀይ ነገር አለ።»

«ማን ተመልከት አለህ?» አለችው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለእሱ የተነገረች የመጀመሪያዋ ቃል ይህች ናት።

ብድግ ብላ ወጣች፤ ተንበረከከች። ግንዱ ላይ፣ በግድግዳው በኩል፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቀይ ቡቃያ ወጥታለች። አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር አወረደችና ለካቻት። አላመነችም፤ ደግማ ለካች።

«አራት ሚሊ» አለች ዞር ሳትል። «ቁጥሩን ያዝ። ና ግን አላልኩህም።»

ባልየው እግሩን መለሰና ከመስታወቱ ጀርባ ቆሞ ቁጥሩን ያዘ።