ከጓሯችን ኋላ ያሉት ጉድጓዶች

የሸረሪት ወሬ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። ቂሜ ግን ቀላል ስላልነበረ እጽፈዋለሁ።

ቤታችን ፉሪ ዳገቱ ላይ ነው። ከጓሯችን ኋላ ለመንገድ ተብሎ የተቆረጠ የቀይ አፈር ግድግዳ አለ፤ እዚያ አውራ ጣት የሚያህሉ ጥቋቁር ሸረሪቶች ይኖራሉ። ድር ዘርግተው አያጠምዱም። ጉድጓድ ይቆፍሩና ውስጡን በድራቸው ለብጠው አፉን በአፈር ክዳን ይዘጉታል። ክዳኑን የማያውቅ ሰው አጠገቡ ቆሞ አያየውም። ዝናብ ሲጀምር ወንዶቹ ሴት ፍለጋ ይወጣሉ።

በግንቦት መጨረሻ አንዱ በደጃችን ሲያልፍ እናቴ አየችው። በማግስቱ ግንባሯና የግራ ዓይኗ ዙሪያ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣባት። እናቴ የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ጠላፊ ናት፤ እንጀራዋ ዓይኗ ነው።

ሰፈሩ ሁሉ «ኦቦ» የሚላቸው ሽማግሌ ጎረቤታችን ገና ከበር ሆነው ፈረዱ።

«አልማዝ ባለጭራ ነው። ሸረሪት ሸንቶባት ነው።»

«ይሄን ሁሉ ሜዳ ትቶ ግንባሬ ላይ?» አለች እናቴ።

«ሐኪም ቤት ብንወስዳትስ ኦቦ?» አልኩ።

«መርፌ ከነካት አለቀላት! ቅጠሉን እኔ አመጣለሁ። አንተ ተማሪው፣ ሸረሪቶቹን ፍጃቸው።»

መታዘዝ ደስ አለኝ። አምስት ቀን ክዳኖቹን በስንጥር እየፈነቀልኩ የፈላ ውሃ አፈሰስኩ። «ይሄ ለዓይኗ!» እል ነበር በየጉድጓዱ። እግራቸውን አጥፈው ሲወጡ ቆሜ አያለሁ።

በስድስተኛው ቀን ዓይኗ አልከፈት አለ። በሚኒባስ ሰበታ ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

«በልጅነቷ የያዛት የጉድፍ ቫይረስ ነው የተቀሰቀሰው» አለችኝ ሐኪሟ። «ሸረሪት ምን አደረገ? በሦስት ቀን ውስጥ ብትመጡ ኖሮ ዓይኗን ይህን ያህል አይጎዳውም ነበር። የት ከረማችሁ?»

ሽፍታው ደረቀ፤ የግራ ዓይኗ ግን ዛሬም ብርሃን እንጂ ክር አይለይም።

ከመጨረሻው ቀጠሮ ስንመለስ ኦቦ በራቸው ላይ ቆመው ነበር።

«እንዴት ናት?»

ልጮህባቸው አፌን ከፈትኩ። «ደህና ናት ኦቦ። አንቱስ ደህና ዋሉ?» ብዬ እጅ ነሣሁ።

ከዚያ ጓሮ ገባሁ። አንድ ክዳን ቀርቶ ነበር። ውስጥ ያለችው ምንም እንዳላደረገች አውቃለሁ፤ ኦቦን ግን ማቃጠል አልችልም፣ ራሴንም አልደፈርኩም። ውሃውን እስኪንተከተክ አፍልቼ ቀስ ብዬ አፈሰስኩባት። ሌላ ጉድጓድ ፈልጌ አጣሁ። ቀኑ የሰኔ ሚካኤል ነበር፣ ሰኔ 12።