ከኋላ የሚያንቀኝ ሰውዬ

ፒያሳ፣ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ጁጂትሱ የሚባለውን ትግል እማራለሁ። በቀደም አንድ አዲስ ሰውዬ መጣና ካንተ ጋር ካልተለማመድኩ አለ።

የዕለቱ ትምህርት ከኋላ ሆኖ አንገት ማነቅ ነበር። የታነቀው ሰው ክንዱን መታ መታ ሲያደርግለት አናቂው ወዲያው ይለቃል። ይሄ ግን ቆየት ብሎ ነው የሚለቀኝ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ፊቴን ያጠናል።

«የማን ልጅ ነህ?» ያንቀኛል። «መጠጥስ ታበዛለህ?» ደግሞ ያንቀኛል።

አራዳ ያደገ ሰው ዘር ማንዘሩን የሚጠይቀውን አያምንም። ሌባ ነው ብዬ ስልኬን ለአሰልጣኙ ሰጠሁ፤ ንዴቴን ግን ዋጥ አደረግኩ።

እሁድ ላገባት ወዳሰብኳት ልጅ ቤት ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹ እየሳቁ ተመለሱ።

«አባትየው ሊያንገራግሩ ሲሉ ታላቅ ወንድሟ ገላገለን» አሉኝ። «‹ይስጡት፤ እኔ አንቄ አይቼዋለሁ፣ አይቆጣም› አላቸው።»