በቀበሌው ወንበር ሦስት ደቂቃ

ዛሬ እዚህ ቢቸና ለሦስት ደቂቃ የቀበሌ ሊቀመንበር ሆኜ ነበር። እሱም በዝቶብኛል።

የሥነ ዜጋ ትምህርት ሲባል የሰፈራችን ሰው ወደ ቀበሌው አዳራሽ እንቅልፉን ይዞ ነው የሚመጣው። የዛሬዋ አስተማሪ ግን ንግግሩን ትታ ድራማ አሠራችን። እኔ ሹም በማማት ስለምታወቅ ሊቀመንበር አደረጉኝ።

ጎረቤቴ እትዬ ጥሩወርቅ ባለጉዳይ ሆነው ቀረቡ። ጉዳያቸው ግን የእውነት ነው፤ የሰፈራችን የውኃ ቦኖ ከተበላሸ ሰነባብቷል።

"ጌታዬ፣ ውኃ ጠምቶናል" አሉኝ።

ማን እንዳስተማረኝ አላውቅም፤ "ስብሰባ አለብኝ፣ ነገ ይምጡ" አልኳቸው።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። "አያ ሙላት፣ ወንበሩ እንኳ ሳይሞቅልህ?" አሉ እትዬ።

ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "በሰው ለመፍረድ አትቸኩል" ትለኝ ነበር። ለንስሐ አባቴ የምነግረው አላጣሁም።

ድራማው እንዳበቃ የእውነት የውኃ ኮሚቴ ይመረጥ ተባለ። እትዬ ጥሩወርቅ ቀድመው ተነሡ፦ "አያ ሙላት ይሁን። ሥራውን ባያውቅ የሹምን አመል ያውቀዋል፤ ቤቱም ከቤቴ አጠገብ ነው፣ አያመልጠኝም።"

ያልተኛው ሁሉ እጁን አወጣ። የተኛ ደግሞ አልነበረም።

እንግዲህ ነገ ከቅዳሴ መልስ ቧንቧ ሠራተኛ ፍለጋ ልወጣ ነው። እናንተስ፣ ስታሙት የኖራችሁት ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ከአፋችሁ መጀመሪያ ምን ወጣ?