ሰባት ጫማ ጥላ

የተራበ ልጅ ሒሳብ አይገባውም ይላሉ። ውሸት ነው። እኔ ሒሳብ የገባኝ ርቦኝ ነው። ስለ ችጋር አይደለም የማወራው፤ ላስታ ውስጥ በእሱ የሚቀልድ የለም። ስለ ጾም ነው።

መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ሁዳዴን እንደ ትልቅ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ ብዬ ተነሳሁ። ታላላቆቼ ሳቁብኝ። አባቴ ግን ፈቀዱ፤ አንድ ቀን ቀድሜ ከቀመስኩ እስከ ፋሲካ ከሕፃናቱ ጋር በስድስት ሰዓት እንደምበላ አስጠንቅቀው። ከዚያ የባሰ ውርደት አይታየኝም ነበር።

ቤታችን ከላሊበላ ወጣ ብሎ ነው፤ ሰዓት የሚባል ዕቃ አልነበረንም። ዘጠኝ ሰዓት የሚታወቀው በጥላ ነው። ሰው ደልዳላ መሬት ላይ ይቆማል፣ የአናቱ ጥላ ያረፈበት ላይ ድንጋይ ይቀመጣል፣ ከዚያ ተረከዙን ከጣቱ እያጋጠመ እስከ ድንጋዩ ይለካል። በዚያ ወቅት ሰባት ጫማ ከሞላ ዘጠኝ ሆነ ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን የስልጆው ሽታ ከመሶቡ ወጥቶ ያሳድደኝ ጀመር። አብረውን የሚኖሩት አክስቴ ደጃፍ ላይ ቆመው ገብስ ያበጥራሉ። ረጅም ሴት ናቸው፤ ጥላቸውም ከእኔ ጥላ በጣም ይረዝማል። ረጅም ጥላ ቶሎ ሰባት ይሞላል ብዬ በእግሬ ለካሁት።

«ሰባት ሞላ!»

«የማን ጥላ?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«የአንቱ።»

«በማን እግር?»

እግሬን ወደ ኋላ ሳብኩ።

«አንች ሌባ! በእኔ ቁመት፣ በራስሽ እግር ልትገድፊ?»

ለአባቴ ሊነግሩብኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ። አክስቴ ግን ሰፌዱን አስቀመጡና «ቁሚ፣ የራስሽን በራስሽ ለኪ» አሉኝ። አምስት ጫማ ብቻ ሆነ። እሳቸውም የራሳቸውን በራሳቸው እግር ለኩ። አምስት።

«እንዴ! አንቱ ረጅም አይደሉም?»

«እኔ ምን አውቄ፤ አስኳላ የገባሽው አንች።»

እግሬን ከእግራቸው አጠገብ አስቀመጥኩት። ቀና ብዬ ቁመታቸውን አየሁ፤ እንደገና እግራቸውን።

«እግሬም እንደ እኔ አጭር ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ታዲያ ምን ያስጮህሻል? ከእኔ ቀድመሽ አትበይማ።»

ጠበቅን። የእኔ ጥላ ስድስት ጫማ ሲሆን የእሳቸውም ስድስት ሆነ። ሰባትም እኩል ሞላልን። መሶቡን ራሳቸው ከፈቱልኝ፤ ለአባቴ ትንፍሽ አላሉም። እስከ ፋሲካ ከትልልቆቹ ጋር ጾምኩ።

ከዓመታት በኋላ አንድ መምህር ቁመትን ለጥላ እያካፈለ ሰሌዳውን በቁጥር ሲሞላው፣ ክፍሉ በሙሉ ሰሌዳው ላይ አፈጠጠ፤ እኔን ግን ስልጆ ሸተተኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ አብዛኛው «የማን ጥላ? በማን እግር?» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች አያህልም። አክስቴን ባመሰግናቸው «ከሌብነት መለስኩሽ እንጂ ምን አስተማርኩሽ» ነው የሚሉኝ።

ልጅ ካላችሁ ነገ ከሰዓት በኋላ ደጅ አውጡት። ጥላውን በእግሩ ይለካ፤ የእናንተንም በእግራችሁ ለኩ። ለምን እኩል እንደሆነ ሲጠይቃችሁ አትንገሩት።