መጀመሪያ ውኃው

አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተሬ ይግልና የተቃጠለ አቧራ የመሰለ ሽታ ያወጣል። ባልደረቦቼ መስኮት ይከፍታሉ። እኔ ግን እጄን ከቁልፎቹ ላይ አንስቼ ሽታውን እስበዋለሁ። ያ ሽታ ቦንጋ፣ እናታችን ቤት፣ ከእህቴ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈን ወዳሳለፍነው ክረምት ይዞኝ ይሄዳል።

ታላቅ ወንድማችን ለማስተማር ደካ ወደሚባል ቦታ ሲመደብ፣ በጋለ ቁጥር የተቃጠለ አቧራ የሚሸተውን አሮጌ ላፕቶፑን ትቶልን ነበር። ባትሪው ስለሞተ መብራት በሄደ ቁጥር አብሮ ድርግም ይላል። ከውስጡ የወደድነው አንድ የእርሻ ጌም ነበር። አንዲት ልጅ ከአያቷ የወረሰችውን ጠፍ መሬት ትመነጥራለች፣ ትዘራለች፣ ታጠጣለች፣ ያፈራችውን ትሸጣለች። እኔ ገና ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። እህቴ አሥራ ሁለተኛን ጀምራ ያቋረጠችው ታማ ነው። ሐኪሙ ለእናቴ "የልቧ በር በደንብ አይዘጋም" ብሏት ነበር። አዲስ አበባ ለቀዶ ሕክምና ወረፋ ተይዞላት እንጠብቃለን። የቦንጋን ዳገት መውጣት ካቆመች ቆይታለች፤ ከመኝታ ቤት እስከ በረንዳ ስትሄድ እንኳ በሩን ይዛ ትንፋሿን ትሰበስብ ነበር።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መነጋገር አይቻልም። ከጓሮ የረጠበ የእንሰት ቅጠል ሽታ ይገባል፤ እኛ አንድ ጋቢ ለሁለት ለብሰን እንጫወታለን። እኔ ቁልፉን እነካለሁ፣ እሷ ታዘኛለች።

የጌሙን የመጀመሪያ ወቅት እንደምንም ተወጣነው። መሬቱ ተመነጠረ፣ ዶሮዎቹ እንቁላል ጣሉ፣ ትንሽ ጥሪትም ያዝን። ክርክሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ አሁን ምን ይቅደም? እኔ ቤቱን ማስፋት ፈለግኩ። ትልቅ መስኮት ያለው ሳሎን፣ ቀጥሎ ፈረስ፣ ቀጥሎ አበባ የተተከለበት አጥር።

"መጀመሪያ ውኃው" አለች እህቴ።

"ውኃውማ አለን፤ ማጠጫውም አለ።"

"እስኪ ይቺን እያት።"

ጣቷን በስክሪኑ ጠርዝ ወዳለችው አረንጓዴ መስመር ዘረጋች። የልጅቷ ጉልበት መለኪያ ናት። በእያንዳንዱ ሥራ ታጥራለች፤ ጨርሳ ስትጠፋ ልጅቷ እርሻው መሃል ትወድቃለች።

"ጠዋት ሙሉ ስታጠጣ ትውላለች፤ ከቀትር በኋላ ለምንም አትሆንም። በራሱ የሚረጨውን መሣሪያ እንግዛላት።"

ገዛንላት። በማግስቱ የጌሙ ፀሐይ ስትወጣ መሣሪያዎቹ በየመደቡ ፈንጠቅ ፈንጠቅ እያደረጉ አጠጡ፤ አረንጓዴዋ መስመር ግን ሙሉ እንደሆነች ቀረች። እኔ ወዲያው ሌላ መሬት ልመነጥር ተነሳሁ። እህቴ እጄን ያዘችኝ።

"ተዪ እንጂ! ወደ መንደሩ ውሰጃት። ባሕሩንም አላየችውም።"

"እርሻውስ?"

"ከእርሻው የተረፋትን ጉልበት መልሳ ለእርሻው ከሰጠችውማ ምኑን ኖረችው?"

ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ከሰዓት በኋላ ሥራ አልሠራችም። ዓሣ ታጠምዳለች፣ ጎረቤቶቿን ትጠይቃለች፣ ከመንደሩ በዓል አትቀርም። እህቴ በሳቅ ትፈርስ ነበር። ሳቁ ሳል ሲሆንባት ጌሙን አቆማለሁ፤ "ቀጥይ፣ ቀጥይ" ትለኛለች በእጇ።

ጥር ላይ አብራት የተማረች ጓደኛዋ ሺሺንዳ ከተማ ለሚደገሰው ሠርጓ ጠራቻት። እናቴ ከምትሠራበት የወረዳ ቢሮ ወደ ቤት ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ነገርናት።

"አይሆንም" አለች። "መኪናው አለ፣ አቧራው አለ። እዚያ ደርሰሽ ደግሞ አርፈሽ አትቀመጪም፤ አውቅሻለሁ።"

እህቴ አልተቆጣችም። ዝግ ብላ፣ በየመሃሉ እየተነፈሰች ተናገረች። "እማዬ፣ ልብስ አትጠቢ አልሽኝ፤ አላጥብም። ውኃ አትቅጂ አልሽኝ፤ አልቀዳም። ትምህርቱንም ተይው አልሽኝ፤ ተውኩት። ይሄን ሁሉ ጉልበት ያጠራቀምነው ለምንድን ነው ታዲያ?"

እናቴ ወደ ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። "ሂጂ። እኔ ግን አልመጣም። ቁጭ ብዬ ስትደክሚ ማየት አልችልም።"

ሚኒባስ ተኮናትረው ከመጡ ጓደኞቿ ጋር ሄድን። ሺሺንዳ የሠርጉ ድንኳን ውስጥ የተጎዘጎዘው ቄጠማ ይሸታል፤ ሴቶቹ በካፊኖኖ ቋንቋ እየዘፈኑ ያጨበጭባሉ። እህቴ ብዙውን ሰዓት ወንበር ላይ ሆና አጨበጨበች። ሙሽራዋ መጥታ እጇን ስትይዛት ግን ተነሳች። ጨፈረች። ረጅም አልነበረም፤ አንድ ዘፈን እንኳ አይሞላም። ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር ግን ከመታመሟ በፊት የነበረው ነው፤ ረስቼው ኖሯል። በመንገድ ስንመለስ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ተኛች።

ዝናቡ ተመልሶ ሲጀምር እግሯ አብጦ፣ ጋደም ማለት ተስኗት ጅማ ሆስፒታል ወሰድናት። ብዙም አልቆየችም፤ የአዲስ አበባው ወረፋም አልደረሳትም። አንድ ጠዋት እናቴ ፊቷን እያበሰቻት ሳለ አረፈች። ሐኪሙ እናቴን ለብቻዋ አስቀምጦ "ሠርጉ አይደለም ያመጣው፤ ልቧ ቀድሞ ደክሞ ነበር" አላት። እናቴ ራሷን ነቀነቀች እንጂ የሰማችው አይመስለኝም።

ወንድማችን ለለቅሶ መጥቶ ሲመለስ ላፕቶፑን ይዞት እንዲሄድ ለመንኩት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ አንድ እሁድ ከሰዓት እናቴ መኝታ ቤት ገብታ የእህቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ እንዳጣፋች ነበር። የአልጋ ልብሱን በመዳፏ እያስተካከለች፣

"ጨፈረች እንዴ ያን ቀን?" አለችኝ።

እስከዚያ ድረስ ስለ ሠርጉ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም ነበር።

"አዎ፣ እማዬ።"

"እንዴት አድርጋ?"

 ላሳያት ተነሳሁ። በጥቁር ልብሴ፣ በሁለቱ አልጋዎች መካከል ቆሜ፣ ያለ ዘፈን ያለ ጭብጨባ፣ ትከሻዬን እንደ እሷ አነሳሁና እንደ እሷ አንገቴን ሰበር አደረግኩ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ ዓይኗን ሳትነቅል ታየኛለች። እንባዬ እየወረደ ቀጠልኩ። ላቆም ስል እጇን ወደ እኔ ዘረጋች።

"ድገሚልኝ" አለች። "ቀስ እያልሽ ግን፤ እንዳይደክምሽ።"