የመንቂያው ጡሩምባ

ኤፊ ፓርሰንስ ሚኒባሷን ጠጠር ከሚዛቅበት ጉድጓድ አጠገብ ያቆመችው ጉሙ መንገዱን ስለዋጠባት ነው። የሆስፒታል ተመላላሾችን አድርሳ ባዶዋን ባሕሩ ጠረፍ ላይ ወዳለው ሠፈሯ እየተመለሰች ነበር። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ሲጋራዋን ስትለኩስ ከጉድጓዱ ውስጥ አንድ ነገር ጮኸ። ጮኸና ቁርጥ አለ። እንደገና ጮኸ፤ እዚያው ቦታ ላይ ሲደርስ ቁርጥ። እናቱ የጠፋችበት የአጋዘን ግልገል መሰላት። ወርዳ ብታይ ሽማግሌው ሄድሊ ፓርዲ ናቸው፤ እርጥብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ጡሩምባቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ከንፈራቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ።

«አጎቴ ሄድሊ! እርስዎ ነዎት እንዴ? እኔኮ አጋዘን ገደል ገባ ብዬ ነው የወረድኩት!»

«አጋዘን ቢሆንማ ጥሩ ነበር ልጄ። ተኩሰሽ ትገላግዪው ነበር።»

«በሉ ይነሱ፣ በዚህ ብርድ ሳንባዎን ይጨርሱታል። ቤት ውስጥ አይነፉም?»

«ብላንሽ ይሄ ነገር ቤቷ ውስጥ አፉን እንዳይከፍት ብላለች» አሉ ስለ ሚስታቸው።

መሐረቡ ላይ ደም አየች። እጃቸውን ይዛ አወጣቻቸውና ሚኒባሷ ውስጥ ማሞቂያው አጠገብ አስቀመጠቻቸው። ሄድሊ ወሬ የሚያበዙ ሰው አይደሉም፤ ኤፊ ግን ዝም ብላ የመስማት ተሰጥኦ አላት፤ ጉሙም እስኪገለጥ መሄጃ የለም። እዚያው ተቀምጠው ተጨዋወቱ።

ጡሩምባውን ያስተማራቸው ከመጀመሪያው ትልቅ ጦርነት በአንድ ሳንባ የተመለሰ ጎረቤታቸው ነው። ሰውዬው መንፋት ሲያቅተው ጡሩምባውን ለሄድሊ ሰጠ። ሄድሊ ያኔ ጢማቸው ገና ማቀምቀሙ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሐምሌ መባቻ ላይ፣ በዚያ ጦርነት የሠፈሩ ወጣቶች በአንድ ጠዋት ከምሽጋቸው ወጥተው ያለቁበትን ቀን ሰው ሲያስብ፣ ለእነሱ ከቆመው ሐውልት ሥር ሆነው የሚነፉት እሳቸው ናቸው። በቀረው ጊዜ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ኮድ የሚባለው ዓሣ አልቆ መንግሥት ባሕሩን ሲዘጋ ጀልባቸውን ሸጡ። ልጃቸው ዳሪል የሚሳፈርበት ሲያጣ ወታደር ሆነ። ካንዳሃር ላይ መንገድ ዳር የተቀበረ ፈንጂ ገደለው።

«ዓሣ ቢኖር ኖሮ ይሄኔ መረብ ሲጠግን እየተሳደበ ነበር» አሉ ሄድሊ። «አፉ ደግሞ ምን የመሰለ ባለጌ ነበር መሰለሽ! የናቱን ነው የወረሰው።»

ኤፊ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

በመታሰቢያውም በቀብርም በጡሩምባው የሚነፋው ዜማ ሁለት ነው። መጀመሪያ የመኝታው ይነፋና ሰው ኮፍያውን አውልቆ በጸጥታ ይቆማል። ከዚያ የመንቂያው ይነፋል። የመንቂያው ሳይነፋ ጸጥታው አያልቅም፤ ቄሱም አይጸልይም፣ ዝቅ ያለው ባንዲራም ከፍ አይልም። ሄድሊ በልጃቸው ቀብር ላይ የመኝታውን አንዲት ድምፅ ሳይስቱ ነፉት። የመንቂያው ግን መሐል ላይ ሲደርሱ ቁርጥ አለባቸው። የዘማቾች ማኅበሩ ሊቀመንበር ጋርላንድ ሰዉን በእጁ ጠቅሶ አሰናበተ። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛውን የሚያሰማው ጋርላንድ ነው፤ የተቀዳውን በድምፅ ማጉያ።

«ከቀብር ስንመለስ ብላንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ» አሉ ሄድሊ። «አስተኝተኸው ጥለኸው መጣህ፣ አለች። ከዚያ በኋላ ስለሱ አንስታ አታውቅም። ሐውልቱ ጋም ሄዳ አታውቅም።»

«ኀዘን ነዋ አጎቴ፣ ሰው ሲያዝን ምን የማይለው አለ?»

«አሁን ሐኪሞቹ ከእንግዲህ በመድኃኒት አናድክማት ብለው ወደ ቤት መልሰዋታል። ነገ ለመታሰቢያው ሐውልቱ ጋ እመጣለሁ አለች፣ ኤፊ። የሚቀጥለው ዓመት ለሷ የለም። ነገ ካልነፋሁት መቼም አትሰማውም።»

ኤፊ ሲጋራ ሰጠቻቸው፤ ለከንፈሬ አይሆንም ብለው መለሱላት።

በማግሥቱ ጠዋት ብላንሽን ከነዊልቸራቸው ያመጣቻቸው ኤፊ ናት። አጥንታቸው ብቻ ቀርቷል፤ ምላሳቸው ግን እንደድሮው ነው።

«ቀስ በዪ እንጂ አንቺ ሴትዮ! ገና አልሞትኩም። ደግሞ መኪናሽ የዓሣ ሣጥን ነው የሚሸተው።»

«ትናንት ባልዎን ስለጫንኩበት ነው፣ የኔ ዓለም።»

«እሱማ ዓሣ ካሸተተ ቆየ» አሉ ብላንሽ። ወዲያው ፊታቸው ጠቆረ።

ሰዉ ሰማያዊዋን የአትርሱኝ አበባ ደረቱ ላይ ሰክቶ ሐውልቱን ከቧል። ቀኑ የአገሪቱም ልደት ስለሆነ ከሰዓት በኋላ የሚቆረሰው ኬክ እንዳይረጥብ በላስቲክ ተሸፍኖ አዳራሹ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ጋርላንድ ወደ ሄድሊ ጠጋ አለ።

«ማጉያውን ቤት ትቼዋለሁ አጎቴ። እንዳሉት። ከንፈርዎ እንዴት ነው ታዲያ?»

«ካንተ አፍ ይሻላል።»

ስሞቹ ተነበቡ። ከድሮዎቹ ሁሉ በኋላ፣ ፊደሉ ገና ባልደበዘዘው መስመር ላይ፣ ዳሪል ፓርዲ ተባለ። ብላንሽ የዊልቸሩን እጀታ ተጭነው ተነሡ። ኤፊ ልታስቀምጣቸው ብትሞክር በክርናቸው መቷት፤ ስለዚህ በወገባቸው ያዘቻቸው።

ሄድሊ የመኝታውን ነፉ። ድምፁ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ከወደቡ ማዶ ካለው ገደል ተመልሶ መጣ። አንድም እንከን የለውም። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ኮፍያዎች ወረዱ። ባሕሩ ብቻ ይሰማል።

ጊዜው ሲደርስ ሄድሊ ጡሩምባውን ወደ አፋቸው መለሱ። ጉንጫቸው ተነፋ። ምንም አልወጣም። አወረዱት፤ ከንፈራቸውን ላሱና እንደገና አነሡት።

ማንም ንቅንቅ አላለም። ሌላ አገር ቢሆን አንዱ ያጨበጭባል፣ ሌላው በቃ ይላል፣ ሰው ይበተናል። እዚህ ግን ጡሩምባ ሳይቀሰቅሰው የሚንቀሳቀስ የለም። ቄሱ መጽሐፉን እንደገለጠ ቆሟል። ዝናብ ጀመረ፤ መላጣ ራስ ሁሉ ላይ እየወረደ አንገት ውስጥ ይገባል፣ ማንም አይጠርገውም። ጋርላንድ ባዶ እጁን እየጨበጠ ይፈታል።

ኤፊ የብላንሽ እግር ሲንቀጠቀጥ ተሰማት። መጀመሪያ ጉልበታቸው፣ ከዚያ ወገባቸው። ጆሯቸው ላይ ተጠግታ «ይቀመጡ፣ ስለ እግዚአብሔር!» ብላ አንሾካሾከች። ብላንሽ ጥርሳቸውን ነክሰው ባላቸውን ያያሉ። ሄድሊም ሚስታቸውን እያዩ ነው። ቢነፉት ትቀመጣለች። ካልነፉት አትቀመጥም። ይህን ሁለቱም ያውቁታል፤ የሄድሊን ትንፋሽ የባሰ የቆለፈውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ጡሩምባው ጮኸ። ትክክለኛው ዜማ ነው፤ ጥርት ያለ የማለዳ ድምፅ። የሰው ሁሉ ትከሻ ቀለል ሲል ታየ። ከዚያ፣ ትናንት ጉድጓዱ ውስጥ በተቋረጠባት በዚያችው ቦታ ላይ፣ ቁርጥ አለ።

ብላንሽ ያን ጊዜ ከኤፊ እጅ ሾልከው ወረዱ። ኤፊ ጠጠሩ ላይ ሳይደርሱ በብብታቸው አፈፍ አደረገቻቸው። ሄድሊ ጡሩምባውን ጥለው ሮጡ፤ ሰዉም ያኔ ተነቃነቀ፤ ኮፍያውን ሳያደርግ፣ ጸሎት ሳይሰማ፣ ከዚህም ከዚያም ዊልቸሩን ለመያዝ ተሻማ። ባንዲራው ግማሽ ላይ እንዳለ ቀረ።

በሚኒባሱ ውስጥ ብላንሽ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ «አልቀመጥም ነበር» አሉ። «እግሬ ነው የከዳኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ ሄድሊ።

«መጀመሪያው ጥሩ ነበር።»

«ብላንሽ…»

«ልጁ ግን እዚያው ነው፣ ሄድሊ። እንደተኛ ነው።» በቁጣ አልነበረም የተናገሩት፤ ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር። ሄድሊ እጃቸውን ሊይዙ ዘረጉ፤ ብላንሽ አልከለከሉም፣ አልያዙምም።

ቤት ሲደርሱ ብላንሽን ተሸክመው አልጋ ላይ አሳረፏቸው። ኤፊ ብርድ ልብሱን አስተካክላ ወጣች። ሄድሊ እስከ መኪናው ተከተሏት። ጋርላንድ ከመሬት አንሥቶ ያቀበላቸው ጡሩምባ በብብታቸው ነው፤ አፉ ላይ ተጎድቷል። አገጫቸው ድረስ የወረደውን ደም ዝናቡ አቅጥኖታል።

«ይግቡ አጎቴ፣ አጠገባቸው ይቀመጡ» አለች ኤፊ። «በቃ፣ ይተዉት።»

ሄድሊ በሩን ይዘው አልለቅ አሉ።

«ነገ በጠጠሩ ጉድጓድ በኩል ታልፊያለሽ?»

«አልፋለሁ።»

«መስኮትሽን ክፍት አድርጊው እንግዲህ፣ ልጄ። እስከ መጨረሻው ሲወጣልኝ ከሰማሽ እኔን ልጫን ብለሽ እንዳትቆሚ። ቀጥ ብለሽ ንጂና ለሷ ንገሪያት። የኔ እግር በጊዜ አይደርስላትም።»